ቦንዳ የሚፈታ ቀን

ዓርብ ማታ ስልኬ ላይ አጭር መልእክት ገባ። «ነገ ጠዋት ቦንዳ ይፈታል። የሴት ጃኬት።» ላኪው የሰልባጅ ደንበኛዬ ነው። ስሙን በደንብ ስለማላውቀው ስልኬ ላይ «ሰልባጅ ቅዳሜ ገበያ» ብዬ ነው የመዘገብኩት። አንድ ቀን እናቴ ስልኩን አየችና «ነይ፣ ሰልባጅ እየደወለልሽ ነው» ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችው።

መልእክቱን እንዳነበብኩ እጄ ወደ ጸጉሬ ሄደ። ሹሩባዬ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሥሩ ተነሥቷል። ከጆሮዬ በላይ ያለው በራሱ ጊዜ መፈታት ጀምሯል። ደስ አለኝ። ለነገው ገበያ ከዚህ የተሻለ ጸጉር የለም።

ግር ይላል አይደል? ላስረዳ። ሰልባጅ ተራ ውስጥ ልብስ መለኪያ ክፍል የሚባል ነገር የለም። መጋረጃም የለም። ሸራ ላይ ከተቆለለው መዝዤ የለበስኩት ላይ ደርቤ ነው የምለካው። ጠባብ አንገት ያለው ሹራብ ሲወልቅ ጸጉርን ይዞ ነው የሚወጣው። በፔስትራ የተተኮሰ ጸጉር ሦስተኛው ሹራብ ላይ ያበቃለታል። አምስተኛው ላይ የዶሮ ጎጆ ይሆናል። ሹሩባ ግን አሥር ሹራብ ቢወጣበትና ቢገባበት አይነቃነቅም። ያረጀ ሹሩባ ከሆነ ደግሞ ቢነቃነቅስ ምን ገዶኝ። ስለዚህ የቅዳሜዬ ደንብ ይኼ ነው፤ ጠዋት ባረጀ ሹሩባና በሻሽ ወደ ገበያ፣ ከሰዓት በኋላ ጸጉር ወደ መሠራት። አንድ ጊዜ አገላብጬው ነበር። አይደገምም።

ወሩ ነሐሴ ነው። ባሕር ዳር ነሐሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊቱን ሲያወርደው ያድራል፤ ጠዋት ከጣና በኩል እርጥብ አየር ይመጣና ከተማውን ያለብሰዋል። የሰልባጅ ተራው መሬት ጭቃ ነው። ነጋዴዎቹ ከሥር ላስቲክ፣ ከላይ ሸራ ዘርግተዋል። ከባጃጁ ወርጄ ሱሪዬን ሰብስቤ ስደርስ ደንበኛዬ ቦንዳውን ገና እያየው ነበር። አልፈታውም። ሁለት ሴቶች ቀድመውኛል። አንዷን አውቃታለሁ፤ ቡቲክ አላት። ከዚህ የመረጠችውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅላ በሦስት እጥፍ ትሸጠዋለች። አልፈርድባትም። ዓይን አላት። የምትሸጠው ዓይኗን ነው።

ቦንዳ ማለት በማሽን ተጨምቆ የታሰረ የልብስ እሽግ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የሚዞረው ብዙውን ጊዜ 45 ኪሎ ይመዝናል። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ ወይም ከቻይና ተሰብስቦ፣ እንደ ዱባይና ፓኪስታን ባሉ ቦታዎች በዓይነትና በደረጃ ተለይቶ ነው የሚታሰረው። ነጋዴው ከላይ የተጻፈውን ብቻ አይቶ ይገዛል። ውስጡን አያይም። ደንበኛዬ አንድ ጊዜ «የሴት ቀሚስ» ብሎ የገዛው ቦንዳ ውስጥ ግማሹ የነርስ ልብስ ሆኖ አገኘው። ነጭ በነጭ። «ሐኪም ቤት ልክፈት?» አለኝ በዚያን ሳምንት። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ሕጉንም ሳላነሳ አላልፍም። ያገለገለ ልብስን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው። ዜና ላይ «ልባሽ ጨርቅ በቁጥጥር ሥር ዋለ» ሲባል የምንሰማው ይኼንኑ ነው። ከመኪና ሲወርድ ኮንትሮባንድ ነው፤ ሸራ ላይ ሲዘረጋ ሰልባጅ ይባላል። እኔ የማየው ሸራውን ብቻ ነው። ማየት የምፈልገውም እሱን ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር።

ቦንዳው ሲፈታ አንድ ሽታ ይወጣል። የሰልባጅ ሽታ። ነፍሳት መከላከያ ነው፣ የመጋዘን ነው፣ የረጅም መንገድ ነው፤ ስም የለውም እንጂ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ በጨለማ ይለየዋል። የታሰረው ልብስ ገመዱ ሲቆረጥ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ቀስ እያለ ያብጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ጨዋነት የለውም። ክርን አለ። «እኔ ይዤዋለሁ» አለ። ባለቡቲኳ ሴትዮ ሳትናገር፣ ሳትቸኩል ታነሳለች። እኔ እቸኩላለሁ።

ያገኘሁት ጃኬት ጥቁር አረንጓዴ ነው። ወፈር ያለ ጥጥ። ወደ ብርሃን አነሳሁት፤ ብል የበላው ቦታ ብርሃን ያሳልፋልና። የለም። ብብቱን አሸተትኩ። አትሳቁ፤ ላብ የጠጣ ብብት በአንድ ሳምንት ዘፍዝፎም አይለቅም። ዚፑን ሦስቴ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። የጎኑን ስፌት በሁለት እጄ ሳብ አደረግኩት። ሱሪ ቢሆን ኖሮ ቆልፌ ወገቡን አንገቴ ላይ እጠመጥመው ነበር፤ ሁለቱ ጫፍ ማጅራቴ ላይ ከተገናኘ ወገቤ ላይም ይሆናል። ይኼ ዘዴ እስካሁን የዋሸኝ ሁለቴ ብቻ ነው። ሁለቱም ከበዓል በኋላ ነበር።

ደንበኛዬ ጃኬቱን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው። ከውስጥ፣ የጎን ስፌቱ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ተሰፍታለች።

«እያት፣ ትርፍ ቁልፉ እንኳ አልተነካችም። ኦርጅናል ነው።»

«ስንት ነው?»

«ለአንቺ ስምንት መቶ።»

«ለሌላውስ?»

«ለሌላውም ስምንት መቶ» ብሎ ሳቀ።

«አራት መቶ።»

«የቁልፏን ነው የጠየቅኩሽ መሰለሽ?»

እንዲህ ነን። እሱ «አያዋጣኝም» ይላል፣ እኔ ጥዬ ሦስት እርምጃ እሄዳለሁ። እሱ ይጠራኛል። እኔ ያልሰማሁ እመስላለሁ። አምስት መቶ ሃምሳ ላይ ተስማማን። ሁለታችንም የተጎዳን መስለን፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን። ክርክሩ ባይኖር ጃኬቱም ይከብደኝ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ቡቲክ ገብቼ ዋጋ ጠይቄ መውጣት አብዝቻለሁ። እዚያ ደግሞ መከራከር የለም። ፊት ነው ያለው።

ልጅ ሆኜ አዲስ ልብስ በዓመት አንዴ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው እኛ ቤት ተረት አልነበረም፤ የበጀት ዕቅድ ነበር። ሰልባጅ ጥምቀትን በየቅዳሜው አመጣልኝ። እናቴ ግን እስካሁን አልተቀበለችውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትላለች፣ በገዛሁላት ሹራብ እየሞቃት።

የማልረሳው ሌላ ነገር አለ። ይኼ ሁሉ የሚሆነው የጨርቅ ከተማ ውስጥ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን ለጦርነቱ ከከፈለችው ካሳ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ዩኒቨርሲቲውም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ፈትሉ እዚህ፣ ትምህርቱ እዚህ፤ ለባሹ ግን ቅዳሜ ገበያ ጭቃ ላይ ቦንዳ ይጠብቃል። አክስቴ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው። በጡረታ ላይ ቢሆኑም ጣታቸው ጡረታ አልወጣም። ልብስ ስገዛ መጀመሪያ የማሳየው ለእሳቸው ነው። ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሸት ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከተጠራጠሩ ከውስጥ ጠርዙ አንድ ክር መዝዘው ክብሪት ይጭሩበታል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ሱፍ ደግሞ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል።

ይሸታል፤ ጸጉር ነውና። የበግ ጸጉር። የሰውም የበግም ጸጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባለው ያው ፕሮቲን ነው። ይኼን ያወቅሁት በኪሳራ ነው። አንድ ዓመት የሚያምር የሱፍ ሹራብ አገኘሁ። ሰልባጅ ስለሆነ እንደ ልማዴ ጀርም እንዲሞት ብዬ የፈላ ውሃ ውስጥ በኦሞ ዘፈዘፍኩት፣ አሸሁት፣ ጨመቅሁት። ሲደርቅ የአምስት ዓመት ልጅ ልብስ ሆነ። ወፍራም፣ ደረቅ፣ እንደ በርኖስ። ይዤ ወደ አክስቴ ሄድኩ። አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ጸጉርሽን በፈላ ውሃ ታጥቢያለሽ?»

«አላጥብም፣ እትዬ።»

«ታዲያ የበጉን ለምን አጠብሽው?»

ሹራቡን የልጅ ልጃቸው ለበሰው። አሁን ሱፍ ሳገኝ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ ሳልጨምቅ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አሰጣዋለሁ። ጥጡን ብቻ ነው የምቀቅለው። ጥጥ ይችላል።

ስለ ጸጉር ካነሳሁ የፔስትራውን ነገር ልጨርስ። የእኔ ጸጉር ከርዳዳ ነው። ሉጫም አይደለም፣ ዞማም አይደለም፤ ይኼን ያህል ነው። በዘመኔ ሁሉ ላስተኛው ሞክሬያለሁ። ችግሩ በትኩስ ብረት የተዘረጋ ጸጉር ውሃ እስኪያገኘው ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። እርጥበት ሲነካው ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። አዲስ አበባ ስተኮስ ሳምንት ያቆየኛል። ባሕር ዳር በክረምት ከሳሎኑ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ቡና ከጠጣሁ ጸጉሬ ከሲኒው በፊት ይነሳል።

ያገላበጥኩት ቅዳሜ ያልኩት እንግዲህ ይኼ ነው። የጓደኛዬ መልስ ነበር። ጠዋት ጸጉር ቤት ገባሁ። ታጠብኩ፣ ቢጎዲን ተጠቀለልኩ፣ ካስክ ውስጥ ገባሁ፣ ወጣሁ። ፔስትራው ከግራ በኩል ተጀመረ። ግራው አለቀ። ዞማ ሆንኩ፤ በመስታወት ግራዬን ብቻ እያየሁ ፏ ብያለሁ። ከዚያ መብራት ሄደ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አንድ ሰዓት። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ተባለ። ልጅቷ ይቅርታ ጠየቀችኝና የግማሹን ሂሳብ ብቻ ተቀበለችኝ፤ በዚህ እስካሁን አከብራታለሁ። ግማሽ ራሴ ዞማ፣ ግማሽ ራሴ ከርዳዳ ሆኖ ሻሽ አስሬ ወጣሁ። ለመልሱ የሚሆን ቀሚስ ስላልነበረኝ ደግሞ እዚያው ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። ቀሚሱ ባንገት የሚገባ ነበር። ግራው ከቀኙ ጋር እኩል ሆነልኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሹሩባ ተመለስኩ። ሹሩባ መብራት አይፈልግም። የሚፈልገው ብርሃን፣ ሚዶ፣ ቅቤና ሰው ነው። ዋዜማውን ማታ አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ እቀባለሁ። ፌስታል፣ ከላይ ሻሽ፣ እንቅልፍ። ፍልሰታ ከሆነ እናቴ «ጾም አይደል እንዴ?» ትለኛለች። ጸጉር አይጾምም እላታለሁ። ትራሴ ግን ዓመቱን ሙሉ ፍስክ ነው።

ሹሩባ የምትሠራኝ ሴት ዓባይ ማዶ ነው ቤቷ። የእኔ እኩያ ናት። ከገጠር ነው የመጣችው። ሁለት ልጆች አሏት። የሹሩባ ቤት የላትም፤ በረንዳዋ ላይ ነው የምትሠራው። እሷ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ሰሌን ላይ፣ በጉልበቶቿ መካከል። በሚዶዋ ጫፍ ጸጉሬን ስትከፍለው መስመሩን አላይም፤ ራስ ቅሌ ላይ ብቻ ይሰማኛል። ቀጥ ያለ ነው። አንድ ቀን በስልክ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። የጎጃም ገበሬ ፈር ነው። አንዱ ከአንዱ እኩል ርቀት፣ ግንባር ላይ ጀምሮ ማጅራት ላይ የሚያልቅ። «አባቴ ሲያርስ ከኋላው እየሄድኩ ዘር እበትን ነበር» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

እጇ ደግሞ ይራራል። ግንባር ላይ ያለውን አታጠብቅም። በየጊዜው የሚወጠር ሹሩባ ጸጉሩን ከሥሩ እየነቀለ ግንባርን ያሰፋል፤ እሷም ይኼን በቃል አትናገረውም እንጂ ታውቀዋለች። ልጅ ሆኜ የሠሩኝ ሴቶች «ካላመመሽ አልተሠራሽም» ነበር የሚሉኝ። ዓይኔ እስኪቀጥን ነበር የሚጎትቱኝ።

የዚያን ቅዳሜ ጃኬቴን ይዤ በቀጥታ ከገበያ ወደ እሷ ሄድኩ። ቀጭን ነጠላ ሹሩባ ፈለግኩ፤ እንቁጣጣሽ ድረስ እንዲያቆየኝ። ቀጭኑ አራት ሰዓት ይፈጃል።

«ስንት ነው?» አልኳት።

«ቀጭን ከሆነ ሦስት መቶ።»

«ሁለት መቶ።»

ምላሴ ከገበያ አልተመለሰም ነበር። ሳላስበው ወጣ። የጠበቅኩት እንደ ሰልባጁ ልጅ እንድትስቅ ነው። «የማጅራትሽን ብቻ ነው?» እንድትለኝ፤ ሁለት መቶ ሰባ ላይ እንድንገናኝ። እሷ ግን «እሺ» አለች። ወዲያው። ዱካዋን አስጠጋችና «ተቀመጪ» አለችኝ።

ያ «እሺ» አራት ሰዓት ሙሉ ራሴ ላይ ሲሠራ ዋለ። መከራከር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለቱም ጥለው መሄድ መቻል አለባቸው። የሰልባጁ ልጅ እኔ ብሄድ ሌላ አለው፣ ያውቀዋል። ለዚህ ነው የሚቀልደው። እሷ ለዚያ ቅዳሜ ያላት ራስ የእኔ ብቻ ነበር። በሰዓት አሰላሁት። ሃምሳ ብር። ሰው ለብሶ ለጣለው ጃኬት አምስት መቶ ሃምሳ ከፍዬ የመጣሁት ደግሞ ገና ጠዋት ነው። ሒሳብ ደካማ ነኝ፣ ይኼን ግን ደጋግሜ አሰላሁት። ከኋላዬ ጣቷ አያቆምም። ልጇ ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን ክረምት ሁሉ በጭቃ ኳስ እየጠለዘ በረንዳው ሥር ይመላለሳል። «ቀና በይ» ትለኛለች። «ጎንበስ በይ።» ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። መሸት ሲል የመጨረሻውን ጫፍ ቋጠረችና ማጅራቴን በመዳፏ ጠረገችልኝ።

ሦስት መቶ ብር ሰጠኋት። ቆጠረችው። መቶውን መለሰችልኝ።

«ሁለት መቶ አይደል የተባባልነው?»

«ተይው፣ ያዢው።»

«አይሆንም፣ እህቴ። ተስማምተናል።»

መቶ ብሩን እጄ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን ራሷ አጠፈቻቸው። መከራከር የማታውቅ መስሎኝ ነበር። ይኼኛውን አሸነፈችኝ።

ብርድ ስለነበር ጃኬቱን አወጣሁ። ከፊት የሚዘጋ ስለሆነ ሹሩባዬን አይነካም። ስለብሰው ጫፉ ተገለበጠና ከውስጥ ያለችው ቁልፍ ታየች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ትርፍ ናት። አንዱ ቁልፍ ቢወድቅ ብለው የሚሰፏት።»

ጎንበስ ብላ አየቻት። በጣቷ ነካካቻት።

«ትፈልጊያታለሽ?»

ስንት ትሰጭኛለሽ ልላት ነበር፤ ለቀልድ። አፌን ያዝኩት። «አልፈልጋትም» አልኩ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ቁልፏን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። መስከረም ሲመጣ ልጁ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ዩኒፎርሙ ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል አለችኝ።

ዩኒፎርሙን ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ሰማያዊ ነው። ቁልፏ አረንጓዴ ናት።